ትሩሂዮ በምን ጸና? የ31 ዓመት አገዛዝ ሲዳሰስ

ራፋኤል ትሩሂዮ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ከ1930 እስከ 1961 ድረስ እንደ ግል ርስቱ ገዛት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ400 ዓመት በላይ ሳንቶ ዶሚንጎ ስትባል የኖረችው ዋና ከተማ በ1936 በእሱ ስም ሲውዳድ ትሩሂዮ ተባለች። በካሪቢያን ደሴቶች ከሁሉም የሚረዝመው ተራራ በስሙ ተጠራ። አንድ ክፍለ ሀገር በእሱ፣ ሌላው በአባቱ፣ ሌላው ደግሞ «በጎ አድራጊ» በሚለው የክብር መጠሪያው ተሰየመ። ስለዚህ ሰው የተጻፈው ብዙ ነው፤ የሚበዛውም ጭካኔውን ይተርካል። ጭካኔው ሊተረክ ይገባዋል። ግን ጭካኔ ብቻውን ማንንም 31 ዓመት ሥልጣን ላይ አያቆይም። ከትሩሂዮ በፊት በዚያችው አገር ክንደ ብርቱ የነበረው ኡሊሴስ ኡሮ በ1899 ተገድሏል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት መንግሥታት አንዱ አንዱን እየጣለ አልፈዋል። ታዲያ ይኼኛው በምን ጸና? የታሪክ ጸሐፊዎች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩት በዚህ ነው፤ የምዳስሰውም ይህንኑ ክርክር ነው።

ትሩሂዮ በ1891 ሳን ክሪስቶባል በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከድሃ ድሃ የሚቆጠር አልነበረም፤ ከከበርቴውም አይደለም። የእናቱ እናት የሃይቲ ዘር ነበራት፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፣ ወደፊት ያስፈልገናል። በ16 ዓመቱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ፤ በኋላም በሸንኮራ አገዳ እርሻ ዘበኝነት ሠራ። በመካከሉ በከብት ሌብነትና በሰነድ ማጭበርበር ስሙ ተነሥቷል። የ1966ቱ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሮበርት ክራስዌለር ይህን ሁሉ አስፍቶ ያሳየናል፦ እንቅልፍ የማያውቅ የሥራ ጉልበቱን፣ በቀለኝነቱን፣ የልብስና የሜዳልያ ፍቅሩን፣ ፊቱን ለማንጣት የሚቀባውን ዱቄት። በክራስዌለር መጽሐፍ ውስጥ አገዛዙ ከሰውየው ባሕርይ ይፈልቃል። መጽሐፉ ሲነበብ ይጥማል፤ ግን እንዲህ ያለ ባሕርይ ያለው ሰው በየአገሩ ሞልቷል። አብዛኛው ዘበኛ ሆኖ ኖሮ ዘበኛ ሆኖ ይሞታል። ይኼኛውን ምን ከፍ አደረገው ብንል መልሱ ከሰውየው ውጭ ነው።

አሜሪካኖች የዶሚኒካንን ጉምሩክ ከ1905 ጀምሮ ለዕዳ መክፈያ ብለው ራሳቸው ይሰበስቡ ነበር። በ1916 ማሪን የሚባሉትን የባሕር ወታደሮቻቸውን አሳርፈው አገሪቱን ያዙ፤ እስከ 1924 ቆዩ። በነዚያ ስምንት ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ የነበሩትን የጦር አበጋዞች ትጥቅ አስፈቱ፣ አውራ መንገዶች ዘረጉ፣ ብሔራዊ ዘብ የሚባል አንድ ጦር አቋቋሙ። ቀድሞ አንድ ገዢ ሲከፋ ከሰሜን አንዱ አበጋዝ ጠብመንጃውን ይዞ ይነሣበት ነበር። አሁን ጠብመንጃ ያለው አንድ ተቋም ብቻ ቀረ፤ ጦሩም በአዲሶቹ መንገዶች የትም ቦታ በሰዓታት ይደርሳል። ከትልልቅ ቤተሰቦች የተወለዱ ወጣቶች ለወራሪ ማገልገልን ሲጠየፉ ትሩሂዮ በ1918 መጨረሻ አመለከተ፤ በሚቀጥለው ወር ምክትል የመቶ አለቃ ሆነ። ከተቀጠረ 10 ዓመት ሳይሞላው የጦሩ አዛዥ ነበር።

ሥልጣን የያዘበት መንገድም ከዚሁ የሚመዘዝ ነው። በፌብሩዋሪ 1930 በሳንቲያጎ ከተማ በሽማግሌው ፕሬዚዳንት በኦራሲዮ ቫስኬስ ላይ ዐመፅ ሲነሣ ጦሩ ከሰፈሩ ንቅንቅ አላለም። አዛዡ ገለልተኛ ነኝ አለ፤ መንግሥትም ወደቀ። ለሜይ ምርጫ ትሩሂዮ ራሱ ተወዳደረ። «42» የሚባለው ወሮበላ ቡድን ተቃዋሚዎችን በየመንገዱ አሳደደ፤ ምርጫ ቦርዱ ተበተነ፤ ተፎካካሪዎቹ ራሳቸውን አገለሉ። የአሜሪካ መልእክተኛ ለመንግሥቱ በጻፈው ሪፖርት ለአሸናፊው ተቆጠረለት የተባለው ድምፅ በአገሪቱ ካለው መራጭ ቁጥር እንደሚበልጥ አስታውቋል። ዋሽንግተን ሪፖርቱን ተቀብላ ለአዲሱ ፕሬዚዳንት ዕውቅና ሰጠች። ቃለ መሐላ በፈጸመ በ18ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 3፣ ሳን ሴኖን የተባለው አውሎ ነፋስ ዋና ከተማዋን አፈራረሳት፤ ከ2,000 በላይ ሰው ሞተ። ምክር ቤቱ ለአደጋው ጊዜ ልዩ ሥልጣን ሰጠው። ፍርስራሹ ተነሣ፣ ከተማዋ ተሠራች፤ ልዩ ሥልጣኑ ግን አልተመለሰም።

ሁዋን ቦሽ ስለዚህ ጉዳይ በ1959 በካራካስ ያሳተመው መጽሐፍ ከማሪኖቹም ወደ ኋላ ይሄዳል። ቦሽ ልብ ወለድ ደራሲ፣ ስደተኛ፣ በኋላም የአገሩ ፕሬዚዳንት ነበር። በእሱ አስተያየት የዶሚኒካን ኅብረተሰብ «የአንደኛ ደረጃ» እና «የሁለተኛ ደረጃ» ሰዎች ተብሎ የተከፈለ ነበር። የመዲናዋ ጌቶች ክለብ የጦሩን አዛዥ እንኳ አባል ማድረግ ተጠይፎ ነበር። ያ የቆሰለ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ጌቶቹን አላጠፋቸውም፤ ይልቅስ አሽከሮቹ አደረጋቸው፣ ሀብታቸውንም ወረሰ። የቦሽ ትልቁ አስተዋጽኦ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው፦ ትሩሂዮን እንደ ነጋዴ አየው። ከባሕር ጨው ማውጣት በሕግ ሲከለከል ሕዝቡ የባራኦናን ማዕድን ጨው ለመግዛት ተገደደ፤ ንግዱ የትሩሂዮ ነው። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ትምባሆው፣ ኢንሹራንሱ በተራ ወደ እሱና ወደ ቤተሰቡ ገባ። በ1940ዎቹ ማብቂያ ወደ ስኳር ተሻገረ፤ በ10 ዓመት ውስጥ አብዛኞቹን ፋብሪካዎች ያዘ። የሚሸጠው እሱ፣ ዋጋ የሚወስነው እሱ፣ ሕግ የሚያወጣው እሱ፣ ተከሳሹን የሚዳኘውም እሱ የሾመው ሰው ነው።

ደጋፊዎቹ እዚህ ላይ አንድ መልስ አላቸው፤ መሰማትም አለበት። በ1940 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ውል ጉምሩኩ ወደ አገሪቱ ተመለሰ፤ በ1947 የውጭ ዕዳው ተከፍሎ አለቀ፤ በዚያው ዓመት ማዕከላዊ ባንክ ተቋቋመ፣ አገሪቱም የራሷን ገንዘብ ፔሶን አወጣች። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከዕዳ ነጻ የወጣው ግምጃ ቤትና የትሩሂዮ ኪስ የት ላይ እንደሚለያዩ በዚያ ዘመን ማንም መናገር አይችልም ነበር። እሱ ሲሞት ቤተሰቡ በውጭ ባንኮች ያገኘው ገንዘብ ከዚሁ ጨው፣ ከዚሁ ወተት፣ ከዚሁ ስኳር የተጠራቀመ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው። እኔን ከሁሉ የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን አገዛዙ በተራው ሰው ቤት ውስጥ የሠራው ሥራ ነው። በ1931 የተመሠረተው የዶሚኒካን ፓርቲ ከሞላ ጎደል አዋቂውን ሁሉ አባል አደረገ። ፖሊስ መንገድ ላይ ሰው ሲያቆም ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መታወቂያ፣ የውትድርና ወረቀትና የዘንባባ ምልክት ያለበት የፓርቲ ካርድ። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ 10 በመቶ ለፓርቲው ይቆረጣል። በየሳሎኑ «በዚህ ቤት አለቃው ትሩሂዮ ነው» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል፤ ያልሰቀለ ቤት ጎረቤት ያየዋል። የምክር ቤት አባላት ወንበራቸውን ሲይዙ ቀን ያልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ፈርመው ያስረክባሉ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ሳለ «በገዛ ፈቃዳቸው» መልቀቃቸው ይነበብላቸዋል። «ኤል ካሪቤ» በተባለው ጋዜጣ ላይ «የሕዝብ መድረክ» የሚል ዓምድ ነበር። ከአንባቢ የተላኩ የሚመስሉ ደብዳቤዎች ይወጡበታል፤ ብዙዎቹ የሚጻፉት ግን ከቤተ መንግሥት በሚመጣ ትእዛዝ ነው። ሚኒስትሩ ቁርሱን እየበላ ጋዜጣ ሲገልጥ የራሱን ስም ሊያገኝ ይችላል። ካገኘ ቢሮ የሚሄደው ዕቃውን ለመሰብሰብ ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤም ስለ ትሩሂዮ ቸርነት የሚያመሰግን ሊሆን ይችላል፤ የሚጽፈውም ያው የተባረረው ሰው ነው።

ሎረን ደርቢ በ2009 ያሳተመችው ጥናት ይህን ጓዳ ገብቶ በማየት ተወዳዳሪ የለውም። ከምታነሣቸው ነገሮች አንዱ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይሆንም፦ አበልጅነት። ትሩሂዮ በሺህ የሚቆጠሩ የድሃ ልጆችን ክርስትና አነሣ። በጅምላ በሚደረገው የጥምቀት ሥርዐት ላይ ቆሞ ለእናቶች ስጦታ ይሰጥ ነበር። በካቶሊኩ ዶሚኒካን ገጠር ክርስትና አባት ማለት የሥጋ ዘመድ ያህል ነው፤ አበልጅ አበልጁን አይከዳም፣ አያማም፣ አይከስም። ይህን ቅዱስ ትስስር ገዢው ለመንግሥቱ ማሰሪያ ገመድ አደረገው። ልጁን ያስጠመቀው ገበሬ ውሸታም ነበር ማለት አልችልም። ምስጋናው የልቡ ሊሆን ይችላል። ከጥይት ይልቅ ይህ ነው አገዛዙን ያጸናው ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው፦ ጥይት የሚነካው የሚገደለውን ሰው ነው፤ ካርዱ፣ የሳሎኑ ጽሑፍ፣ የተፈረመው ደብዳቤና አበልጅነቱ ግን ሁሉን ሰው ነካ፤ ሁሉም በትንሽ በትንሹ እጁን አስገባ።

ሪቻርድ ቱሪትስ በ2003 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ ምሰሶ ጨምሮልናል፤ እሱም መሬት ነው። ምሁራን ብዙ ጊዜ ገበሬውን ዝም ያለ ተጠቂ አድርገው ሲጽፉ ቱሪትስ ሽማግሌዎችን አነጋግሮና መዛግብት መርምሮ ያገኘው የተለየ ነው። በ1930ዎቹ መንግሥት ይዞታ ለሌላቸው መሬት አከፋፈለ፣ መስኖ አወጣ፣ ዘርና መሣሪያ ሰጠ፤ በምትኩ ሥራና ታዛዥነት ጠየቀ። ቦዘኔ የተባለ ይታሰራል፤ ያረሰ ግን ከትልልቆቹ የስኳር ኩባንያዎች ይጠበቃል። በ1950ዎቹ ትሩሂዮ ራሱ የስኳር ባለቤት ሲሆን ግን ይህ ውል ፈረሰ። ብዙ ገበሬ ከመሬቱ ተነቀለ፤ የገጠሩ ድጋፍም አብሮ ተሸረሸረ። አሳማኝ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የመሬት ስጦታውን ከ1937 ጎን ካላስቀመጥነው ግማሽ እውነት ይዘን እንሄዳለን።

በኦክቶበር 1937 መጀመሪያ ሳምንት በሃይቲ ድንበር ባሉ የሰሜን ምዕራብ አውራጃዎች የትሩሂዮ ወታደሮች ሃይቲያውያንን በገጀራ ጨፈጨፉ። ጥይት ያልተጠቀሙት ግድያው የገበሬዎች ጠብ እንዲመስል ነው። የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ 15,000 የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ከዚያ የሚያንሱም የሚበልጡም አሉ። ወታደሮቹ ፔሬሂል (ፐርሰሜሎ) የሚለውን የስፓኒሽ ቃል እያስጠሩ ሃይቲያዊውን ይለዩ ነበር የሚለው ታሪክ በዓለም ዞሯል። ቱሪትስና ደርቢ በ1980ዎቹ ከድንበሩ ግራና ቀኝ የተረፉ አዛውንቶችን ሲያነጋግሩ የሰሙት ግን ከዚህ የሚከብድ ነው። ድንበሩ አካባቢ ሁለቱ ሕዝቦች ተጋብተው፣ ሁለቱንም ቋንቋ እየተናገሩ፣ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ ኖረዋል። ከተገደሉት ብዙዎቹ እዚያው ዶሚኒካን ምድር የተወለዱ ናቸው። የመንደሩ ሹም ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። የሸሸጉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ተገድደው ወይም ወደው ያገዙም ነበሩ። የአሜሪካ ኩባንያዎች የስኳር እርሻዎች ላይ ያሉት ሃይቲያውያን ሠራተኞች ግን አልተነኩም፤ አገዳው መቆረጥ ነበረበትና። በ1952 ደግሞ ያው መንግሥት ከሃይቲ ጋር ተዋውሎ አገዳ ቆራጮች አስመጣ። ጭፍጨፋውን ያዘዘው የሃይቲ ደም ያላት ሴት የልጅ ልጅ ነው።

ለዚያ ሁሉ ሕይወት የተዋዋሉት ካሳ 750,000 ዶላር ነበር፤ በኋላ ወደ 525,000 ዝቅ ተደረገ፤ ለተረፉት የደረሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከጭፍጨፋው ዘጠኝ ወር ያህል በኋላ፣ በጁላይ 1938፣ በፈረንሳይዋ ኤቪያን ከተማ በተደረገው የስደተኞች ጉባኤ የትሩሂዮ መንግሥት እስከ 100,000 ስደተኞችን እቀበላለሁ አለ። ሌሎቹ መንግሥታት በር ሲዘጉ ከሂትለር የሸሹ ጥቂት መቶ አይሁዶች ሶሱዋ በምትባል የባሕር ዳርቻ ተጠለሉ። ለዳኑት ሰዎች ሕይወት ነው፤ ይህን ማንኳሰስ አይገባም። ለትሩሂዮ ግን የእጁን ደም ማጠቢያ ነበር፤ ዓለምም ውሃውን አቀበለው። ኤሪክ ሩርዳ በ1998 መጽሐፉ የሚያሳየው ይህን ነው፦ የፍራንክሊን ሩዝቬልት «የመልካም ጎረቤት» ፖሊሲ ጣልቃ አልገባም ሲል ማሪኖቹ ያሠለጠኑትን ሰው ያለ ተቆጣጣሪ ለቀቀው። ጣልቃ ገብነት ወለደው፤ ጣልቃ አለመግባት አሳደገው።

ይህን ክርክር ሁሉ የጀመረው ሰው ሄሱስ ጋሊንዴስ ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተሸንፎ የተሰደደ የባስክ ተወላጅ ነበር። ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ መጥቶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ 1946 ሠራ፤ ከዚያ ኒው ዮርክ ገባ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን «የትሩሂዮ ዘመን» ብሎ አዘጋጀ። መጽሐፉ ስድብ የለበትም። አዋጆችን፣ ሹመቶችን፣ እነዚያን የመልቀቂያ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ትሩሂዮን ያስቆጣውም ይኸው ይመስለኛል፤ ስድብ ለምዷል፣ በሰነድ መቆጠርን ግን አልለመደም። ማርች 12 ቀን 1956 ምሽት ጋሊንዴስ ኒው ዮርክ ላይ ጠፋ፤ አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በአውሮፕላን አድርሶታል ተብሎ የሚታመነው ወጣቱ አሜሪካዊ አብራሪ ጄራልድ መርፊ በዲሴምበር ወር ዶሚኒካን ውስጥ ጠፋ፤ መኪናው ባሕር ዳር ገደል አጠገብ ተገኘ። መንግሥቱ ወንጀሉን ኦክታቪዮ ዴ ላ ማሳ በተባለ ዶሚኒካናዊ አብራሪ ላይ ጫነ። ኦክታቪዮ እስር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሲገኝ መርፊን እኔ ነኝ የገደልኩት የሚል ወረቀት አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ አሜሪካውያን መርማሪዎች ጽሑፉ የእሱ አይደለም አሉ። የኦክታቪዮ ታላቅ ወንድም አንቶኒዮ ዴ ላ ማሳ ይባላል። ይህ ስም ይመለሳል።

ከ1959 ጀምሮ ሁሉም ነገር ፈጠነ። በጁን 14 ከኩባ የመጡ ታጣቂዎች ተደምስሰው የተያዙት ተገደሉ፤ የዕለቱን ቀን ስሙ አድርጎ የኅቡዕ ንቅናቄ ተመሠረተ። የጆኒ አበስ ወታደራዊ ደኅንነት «40» በተባለው ማሰቃያ ቤት ወጣቱን አጎረ፤ ጥቁር ቮልስዋገኖቹ ሌሊቱን በየሰፈሩ ይዞሩ ጀመር። በጃንዋሪ 1960 ለ30 ዓመት ዝም ያለችው ቤተ ክርስቲያን የጳጳሳቷን ደብዳቤ በየመቅደሱ አስነበበች። በጁን ትሩሂዮ የቬኔዝዌላን ፕሬዚዳንት ሮሙሎ ቤታንኩርትን በመኪና ቦምብ ሊያስገድል ሞከረ፤ የአሜሪካ አገሮች ድርጅትም ማዕቀብ ጣለበት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 25 ቀን ፓትሪያ፣ ሚኔርቫና ማሪያ ቴሬሳ ሚራባል የተባሉ እህትማማቾች ፖርቶ ፕላታ የታሰሩትን የሚኔርቫንና የማሪያ ቴሬሳን ባሎች ጠይቀው ሲመለሱ ከሾፌራቸው ከሩፊኖ ዴ ላ ክሩስ ጋር ተይዘው ተደብድበው ተገደሉ። አደጋ እንዲመስል መኪናቸው ወደ ገደል ተገፋ። ሚኔርቫ ሕግ አጥንታ ጨርሳ የጥብቅና ፈቃድ የተከለከለች፣ በንቅናቄው ውስጥም ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። አገሬው አደጋ ነው የሚለውን ለአንድ ቀን እንኳ አላመነም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ይህን ቀን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት ዓለም አቀፍ ቀን አድርጎታል፤ ኅዳር አጋማሽ ላይ በአገራችን የሚከበረው የነጭ ሪባን ቀን ዕለቱ የተመረጠው ከእነዚህ ሴቶች ሞት በመነሣት ነው።

ሜይ 30 ቀን 1961 ማታ ትሩሂዮ በሸቭሮሌት መኪናው ወደ ሳን ክሪስቶባል ሲሄድ አንቶኒዮ ዴ ላ ማሳና ጓደኞቹ መንገድ ላይ ገደሉት። ጥቂት ካርቢን ጠብመንጃዎች ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ደርሰዋቸው ነበር። ከግድያው በኋላ የሆነው ግን ለጥያቄያችን ከግድያው ይበልጣል። የጦር ኃይሎች ሚኒስትሩ ጄኔራል ሆሴ ሬኔ ሮማን በምስጢሩ ውስጥ ነበር፤ የትሩሂዮን የእህት ልጅ ያገባ ሰው ነው። አስከሬኑን ካየሁ ሥልጣን እይዛለሁ ብሎ ነበር። ሴረኞቹ አስከሬኑን መኪና ኋላ ጭነው ቢፈልጉት አጡት፤ ጄኔራሉ ሌሊቱን ሲዋልል አደረ። ሠላሳ ዓመት የታዘዘ ሰው ጌታው ከሞተ በኋላም ማዘዝ አልቻለም። ልጁ ራምፊስ ትሩሂዮ ከፓሪስ ደርሶ ሮማንን አሠቃይቶ ገደለው፤ ከሴረኞቹ የተያዙትን ስድስቱን በኖቬምበር ረሽኖ ከአገር ወጣ። ከዋነኞቹ የተረፉት አንቶኒዮ ኢምበርትና ሉዊስ አሚያማ ብቻ ናቸው።

ቦሽ በዲሴምበር 1962 በነጻ ምርጫ አሸነፈ፤ ሰባት ወር ገዝቶ በጦሩ ተገለበጠ። በ1965 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ማሪኖቹም እንደገና አረፉ። በ1966 ፕሬዚዳንት የሆነው ሆአኪን ባላጌር ነው፦ ትሩሂዮ ሲሞት ለስም ፕሬዚዳንት የነበረው፣ ንግግሮቹን ሲያሳምርለት የኖረው ሰው። በሁለት ዙር 22 ዓመት ገዛ። በ2013 ደግሞ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከ1929 ወዲህ ሕጋዊ ወረቀት ከሌላቸው የውጭ ዜጎች የተወለዱ ሰዎች ዜጋ አይደሉም ብሎ ፈረደ፤ ውሳኔው የነካቸው ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች አብዛኞቹ የሃይቲ ዘር ያላቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሕግ አውጪው በከፊል አሻሻለው እንጂ ጨርሶ አልሻረውም። ሰውየው ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ይህ መሆኑ፣ አገዛዙን የአንድ ክፉ ሰው ሥራ ብቻ አድርገው የሚያዩትን የሚቃወም ከባድ ማስረጃ ነው።

በልብ ወለድ በኩል የማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ «የፍየሉ ድግስ» እና ሁሊያ አልቫሬስ ስለ ሚራባል እህቶች የጻፈችው መጽሐፍ ይህን ዘመን በዓለም ሁሉ አስተዋውቀውታል፤ ይነበቡ። ከሁሉም አንዱን ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው፣ ወይም አንዱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ተርጓሚ ካለ ግን የጋሊንዴስን እንዲያነሣ እለምነዋለሁ። አገዛዙ በሥልጣን ላይ እያለ በሰነድ የመረመረው፣ ደራሲውም በሕይወቱ የከፈለበት መጽሐፍ እሱ ነው።